ከጉና ራስ እስከ አባይ በረሃ፦ የቁልቁለት ጉዞና ደኅንነቱ በሳይንስ ዓይን

ከደብረ ታቦር በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚዘረጉት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች በአገራችን ካሉት እጅግ ወጣ ገባ መሬቶች መካከል የሚመደቡ ናቸው። ከባሕር ወለል ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጉና ተራራ የርብንና የጉማራን ወንዞች ወደ ጣና ሲሰድ፣ በደቡብ አባይ፣ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ በሽሎ ጥልቅ ሸለቆ ቆፍረው ያልፋሉ። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን (ስሟን ያወጡት ሰዎች የአየር ትንበያ ባለሙያ ሳያስፈልጋቸው ነው)፣ የስማዳ ወረዳ ብቻውን ከ1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,500 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአንድ ወረዳ ውስጥ፣ በአንድ ቀን የእግር መንገድ፣ ገብስ ከሚበቅልበት ውርጭ ተነሥቶ ማሽላ ወደሚዘራበት ሐሩር መውረድ ይቻላል ማለት ነው።

ይህ ከፍታና ዝቅታ ለዓይን ግሩም ነው፤ ለመንገደኛ ግን ዋጋ የሚያስከፍል ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሕይወታቸውን አጥተዋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆኑ ልጆችና ወጣቶች ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው የመንገድ አደጋ ነው። የዚህ መጽሔት አንባቢያን አብዛኞቹ በዚህ የዕድሜ ክልል ውስጥ የሚገኙ፣ በየዓመቱም ቢያንስ ሁለት ጊዜ በትምህርት መክፈቻና መዝጊያ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ናቸው። አደጋን «የዕለት ጉዳይ» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማዳችን ቢሆንም፣ አብዛኛው አደጋ በተራ የፊዚክስና የባዮሎጂ ሕግ የሚመራ በመሆኑ አስቀድሞ ሊሰላ፣ በመሆኑም ሊቀነስ የሚችል ነው።

ከፍታ ወደ ሙቀት ሲለወጥ

ከጋይንት ወይም ከእስቴ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ተማሪ ደጀንን ካለፈ በኋላ የአባይን ሸለቆ ወርዶ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀውን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ሲመለስ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። የመንገዱ ርዝመት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ አማካይ ቁልቁለቱ ከመቶ ሰባት፣ ማለትም በየመቶ ሜትሩ ሰባት ሜትር ዝቅታ ነው። ይህን ጉዞ ለስሌት እንውሰደው።

መንገደኞቹንና ጓዛቸውን ጨምሮ 12,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ ጎሐ ጽዮን ላይ ሲቆም ከድልድዩ አንጻር 165 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ እምቅ ጉልበት አለው። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም። አውቶቡሱ ድልድዩ ዘንድ በዝግታ ከደረሰ ያ ሁሉ ጉልበት ወደ ሌላ መልክ፣ በአብዛኛውም ወደ ሙቀት፣ ተለውጧል ማለት ነው። መጠኑን ለመገመት ያህል፣ ይኸው ሙቀት ቢጠራቀም ከ500 ሊትር በላይ ውሃ ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተነሥቶ ነፋስ መውጫ ላይ እስኪፈላ ድረስ ማሞቅ ይችላል። (በዚያ ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የደጋ ሽሮና ባቄላ ለመብሰል ረጅም ጊዜ የሚወስደውም በዚሁ ምክንያት ነው።)

አሁን ጥያቄው ይህ ሙቀት የት ይሄዳል የሚለው ነው። ሾፌሩ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ከሆነ ሙቀቱ የሚያርፈው በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ ላይ ነው። አራቱ ታምቡሮች በድምሩ 160 ኪሎ ግራም ብረት ይመዝናሉ ብንልና ወደ አየር የሚወጣ ሙቀት ባይኖር፣ የብረቱ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ በላይ መጨመር ነበረበት። ብረቱ ግን ከዚያ በፊት ይቀልጣል። እርግጥ ነው፣ በተጨባጭ ከፊሉ ሙቀት በየቅጽበቱ ወደ አየር ይበተናል፤ ከፊሉን ጉልበት ደግሞ የጎማና የነፋስ ተቃውሞ ይወስዱታል። ይሁን እንጂ ስሌቱ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል። ፍሬን መኪናን ለማቆም የተሠራ መሣሪያ እንጂ 1,400 ሜትር ሙሉ ተሸክሞ ለማውረድ የተሠራ አይደለም።

ታምቡሩ ሲግል ሦስት ነገሮች ይከሰታሉ። በመጀመሪያ የሸራው የሰበቃ አቅም ይቀንሳል፤ ሾፌሩ ቀድሞ በቀላሉ ይቆምበት በነበረው ጫና አሁን መኪናው አይቆምም። ቀጥሎ ብረቱ በሙቀት ስለሚሰፋ ታምቡሩ ከሸራው ይርቃል። በዘይት በሚሠራ ፍሬን ላይ ደግሞ ሦስተኛውና እጅግ አደገኛው ነገር ይመጣል፤ ዘይቱ ይፈላል። ፈሳሽ ሲጫኑት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ስለዚህ ፔዳሉ ተረግጦ ወለል ቢደርስም ኃይሉ ወደ ጎማው አይደርስም። በብዛት የሚሠራበት አንዱ የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ 205 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ሲሆን፣ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን የመፍያ ነጥቡ እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። «ፍሬን በጠሰ» እየተባለ ከሚነገረው ውስጥ ብዙው ምንም ያልተበጠሰበት፣ የፈላና የጋለ ፍሬን ብቻ የሆነበት አጋጣሚ ነው። ለዚህ ማስረጃው ከጥቂት ጊዜ በኋላ፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝ፣ ያው ፍሬን ተመልሶ መሥራቱ ነው።

መፍትሔው ሞተሩ ራሱ ነው። በዝቅተኛ ማርሽ ሲወረድ ጎማዎቹ ሞተሩን በፍጥነት ያሽከረክሩታል፤ ሞተሩም አየር ለመሳብና ለመግፋት እንዲሁም የራሱን ሰበቃ ለማሸነፍ ጉልበት ይበላል። ይህ ሙቀት በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ በኩል ይወጣል፤ እነዚህ ደግሞ ከመጀመሪያውም ሙቀት ለማስወገድ የተሠሩ ክፍሎች ናቸው። የቆዩ ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ሲሉ የሚያስተላልፉት ትምህርት ይኸው ነው። ከዚህ በተቃራኒ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ማርሹን ዜሮ ላይ አድርጎ መልቀቅ የሚታይ ልማድ ሲሆን፣ አንድም ጥቅም የሌለው ነው። መኪና በማርሽ ቁልቁል ሲወርድና ነዳጅ ሳይረገጥ ሲቀር ሞተሩ የሚወስደው ነዳጅ ወደ ዜሮ የተጠጋ ነው፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ሞተሩን ጨርሶ ማጥፋትማ ይባስ ብሎ የመሪውንና የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ጭምር ማሳጣት ነው።

ፍጥነትም በዚህ ስሌት ውስጥ ቦታ አለው። ያ አውቶቡስ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከወረደ በየሴኮንዱ የሚመነጨው ሙቀት 137 ኪሎ ዋት ገደማ ነው፤ ይህም ወደ 40 የሚጠጉ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ከሚያወጡት ሙቀት ጋር የሚስተካከል ነው። ፍጥነቱ 30 ሲሆን በግማሽ ይቀንሳል። ጠቅላላው ሙቀት በሁለቱም አኳኋን ያው ነው፤ ልዩነቱ ፍሬኑ ለመቀዝቀዝ የሚያገኘው ጊዜ ነው። ሃያ ደቂቃ ለመቆጠብ ሲባል የሚከፈለው ይህ ነው።

ጉምና ጣሪያ ላይ ያለ ጭነት

በወረታና በወልድያ መካከል 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው፣ በቻይና ድጋፍ የተሠራው መንገድ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ በጨጨሆ በኩል ወደ ጋሸና ያልፋል። በክረምት የጉና አካባቢ ጉም ከመንገዱ ላይ ሲወርድ ከ30 ሜትር በላይ ለማየት የሚያስቸግርበት ሰዓት አለ። በእርጥብ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ ሾፌሩ ነገሩን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ የሚያልፈው አንድ ሴኮንድ ተጨምሮ፣ ለመቆም 27 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በቁልቁለት ላይ ደግሞ 30 ሜትር። ፍጥነቱ 80 ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሳይሆን ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ 85 ሜትር ይደርሳል፤ ምክንያቱም የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ ነው። በጉም ውስጥ 80 መንዳት ማለት በማይታይ ነገር ላይ መንዳት ነው።

ከመካነ ኢየሱስ፣ ከወገዳና ከአርብ ገበያ የሚነሡ መኪኖች በገበያ ቀን ጣሪያቸው ላይ እህል፣ ፍየልና አንዳንዴም ሰው ጭነው መታየታቸው አዲስ ነገር አይደለም። የጎማዎቹ የጎን ርቀት 1.8 ሜትር፣ የክብደት ማእከሉ ከመሬት 1.2 ሜትር የሆነ መኪና 25 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ የመገልበጫ ወሰኑ በሰዓት 49 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ላይ የተጫነው ጭነት የክብደት ማእከሉን ወደ 1.6 ሜትር ቢያነሣው ወሰኑ ወደ 42 ይወርዳል። ሾፌሩ ይህን ኩርባ ባዶ መኪና ይዞ በ45 ሲያልፍበት የኖረ ከሆነ፣ ልምዱ ራሱ ያሳስተዋል።

መንገደኛው ምን ማድረግ ይችላል? በተለምዶ ወጣት ተማሪ ሾፌርን መናገር ድፍረት ይመስለዋል፤ ብዙውን ጊዜ «ኧረ ልጄ፣ ቀስ በል፣ ነፍስ ይዘሃል» የሚሉት ከኋላ የተቀመጡ እናቶች ናቸው። እነዚህ እናቶች ሳያውቁት በጥናት የተደገፈ ሥራ ይሠራሉ። ጄምስ ሃቢያሪማናና ዊልያም ጃክ የተባሉ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኬንያ በዕጣ በተመረጡ ማታቱ በሚባሉ ታክሲዎች ውስጥ፣ መንገደኞች ለግድየለሽ ሾፌር ዝም እንዳይሉ የሚቀሰቅሱ ጽሑፎች አስለጥፈው ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ውጤት መሠረት፣ ጽሑፉ ከተለጠፈባቸው መኪኖች የቀረበው የመድን ካሳ ጥያቄ ካልተለጠፈባቸው ጋር ሲነጻጸር ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ቀንሶ ተገኝቷል። አንድ ቁራጭ ወረቀት ይህን ያህል መሥራቱ የሚያስገርም ነው። «ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ቀስ ይበሉልን» ለማለት ደግሞ ወረቀትም አያስፈልግም።

ደራሽ

ድልድይ በሌለባቸው የገጠር መንገዶች ላይ የክረምት ወንዝ ከቁልቁለቱ ያላነሰ አደገኛ ነው። ዝናቡ በከፍታው ላይ ይጥላል፤ ውሃው ግን ከሰዓታት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ በወጣበት ቆላ ላይ ይደርሳል። ስሙ ራሱ፣ ደራሽ፣ ይህንኑ ይናገራል። ተዳፋቱ የተራቆተ ከሆነ ውሃ ወደ አፈር ለመስረግ ጊዜ ስለማያገኝ ደራሹ ይበልጥ ፈጣንና ከፍተኛ ይሆናል። በደጋው የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ የሚጥል በመሆኑ ወንዞች ወደ ማታና ሌሊት ይሞላሉ፣ ጠዋት ይጎድላሉ። መሻገር ግድ ከሆነ ጠዋት ይሻላል የሚለው የአካባቢው ሰው ምክር መሠረቱ ይህ ነው።

ጉልበት በማይሞላ ውሃ ማን ይወሰዳል የሚል ቢኖር፣ እስቲ ያስላ። በሴኮንድ ሁለት ሜትር የሚፈስ፣ ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ በቆመ ሰው ሁለት እግሮች ላይ 330 ኒውተን ያህል ኃይል ያሳርፋል፤ 34 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር በጎን እንደሚገፋ ማለት ነው። ፍጥነቱ ሦስት ሜትር ሲሆን ኃይሉ 740 ኒውተን ይደርሳል፤ ያውም በሚያዳልጥ ድንጋይ ላይ። መኪናም ከዚህ አይድንም። የሚኒባስ የታች ስፋት ስምንት ካሬ ሜትር ቢጠጋ፣ ውሃው ከወለሉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ወደ ላይ የሚያነሣው ኃይል ከሁለት ቶን በላይ ክብደት ጋር ይስተካከላል። በዚህ ጊዜ ጎማው መሬቱን በቅጡ አይጫንም፣ ሰበቃ አይኖርም፣ መሪም አይሠራም። ቀይ ቡናማ የሆነ፣ ቅርንጫፍና ሣር እየገፋ የሚመጣ ውሃ ሲታይ መመለስ እንጂ «እስኪጨምር እንለፍ» ማለት አይገባም።

ስለ ሌላም አደጋ በአጭሩ መጠቆም ያሻል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ውጊያው ነፋስ መውጫና አካባቢዋ ድረስ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተዋል። በመሆኑም ከመነሣት በፊት የዕለቱን ሁኔታ በቦታው ካለ ዘመድ መጠየቅ፣ የሚደርሱበትንም ሰዓት ለቤተሰብ ማሳወቅ የጉዞው አካል ነው። ውጊያ ባለፈበት መሬት ላይ ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊቀር ይችላል። ዓመታት ማለፋቸው አደጋውን አይቀንሱትም፤ ብረቱ ሲዝግ የመቀስቀሻው ክፍል ይበልጥ የማይታመን ይሆናል። አለመንካት፣ በመጡበት ዱካ መመለስና ማሳወቅ ብቻ ነው የሚሻለው።

ወደ ቆላ የወረደ ሰው

ከነፋስ መውጫ ከፍታ ወደ 1,200 ሜትር የወረደ ሰው፣ በየመቶ ሜትሩ ስድስት አሥረኛ ዲግሪ ያህል እየጨመረ፣ ከ11 ዲግሪ በላይ የሙቀት ለውጥ ያገኘዋል። የሚያስፈራው ሙቀቱ ሳይሆን ከሙቀቱ ጋር የሚኖረው ነው። የደጋ ሰው አካል ለከፍታ የተሰናዳ መሆኑ የተመሰከረለት ነው፤ ሲንቲያ ቤልና ባልደረቦቿ በስሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ አድርገው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የነዋሪዎቹ የሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በዝቅታ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ለወባ ግን ይህ አካል እንግዳ ነው።

በኢትዮጵያ የወባ ሥርጭት በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ሲሆን፣ ክረምት እንደወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ይበረታል። የመከላከል አቅም ያላዳበረ ሕዝብ ወባ ሲገባበት ምን እንደሚደርስ የ1958 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ አሳይቷል። በዚያ ዓመት ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ባሉ አካባቢዎች፣ ከጣና ሰሜን የሚገኘውን ደምቢያን ጨምሮ፣ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150,000 የሚሆኑት እንደሞቱ ተገምቷል። ዛሬ ደግሞ በየዓመቱ ከደቡብ ጎንደር ደጋ ብዙ ወጣቶች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ፤ ከነሱም መካከል ተማሪዎች አሉ።

በነዚህ ቆላዎች ካላ አዛር የሚባል ሌላ በሽታም አለ። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ከወባ ትንኝ እጅግ ያነሰ በመሆኑ በኬሚካል ባልተነከረ አጎበር ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል፣ ድምፅም አያሰማም። ዝንቡ በሚሰነጣጠቅ ዋልካ አፈር ውስጥና በግራር ዛፎች አካባቢ ይኖራል፤ ደክሞት ከግራር ሥር የሚተኛ የቀን ሠራተኛ ደግሞ ጥሩ ምግቡ ነው።

ከዚህ ላይ ነው የመንገደኛው ነገር የመንገደኛው ብቻ መሆኑ የሚቀረው። በ2005 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ብዙ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት ይሞቱ ጀመር። በመጀመሪያ ለመድኃኒት ያልበገረ ወባ ነው ተብሎ ነበር፤ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። በሽታው ቀድሞ በዚያ ደጋ የማይታወቅ ሲሆን፣ በመተማና በሑመራ ሠርተው በተመለሱ የወቅት ሠራተኞች አማካይነት ሳይገባ እንዳልቀረ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ተስማሚ ዝንብ በአካባቢው ስለነበረ ከቤታቸው ርቀው የማያውቁ ሕፃናት ጭምር ተያዙ። ጋይንትና እስቴ ከሊቦና ከፎገራ ብዙ አይርቁም፤ የወቅት ሠራተኞቻቸው የሚሄዱበትም ቦታ አንድ ነው።

ስለዚህ ወደ ቆላ የሚወርድ ሰው በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይዞ መሄድና ሜዳ ላይ ቢተኛም እሱኑ ዘርግቶ መተኛት ይኖርበታል። ከተመለሰ በኋላም ጉዳዩ አላበቃም። አደገኛው የወባ ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ቀን እስከ አንድ ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ሌላኛው ዓይነት ግን በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሣ ይችላል። ካላ አዛር በተለምዶ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይቆያል። ጥቅምት ላይ ሑመራ የታጨደ ሰሊጥ የካቲት ላይ ጋይንት ውስጥ ትኩሳት ሆኖ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ታማሚው ሁለቱን ነገሮች ላያገናኛቸው ይችላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና በግራ ጎን የሚዳሰስ የጣፊያ እብጠት የታየበት ሰው ለጤና ባለሙያው መጀመሪያ ሊናገር የሚገባው ባለፈው ዓመት የት እንደነበረ ነው። ምርመራው ከጣት በምትወሰድ የደም ጠብታ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል፤ ሕክምናውም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል።